ሦስት ፊርማና አንድ አዛዥ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የወሰድኩት የአመራር ሥልጠና

ቡሬ አካባቢ የገበሬዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ማዳበሪያ ከመጋዘን የሚወጣው ሦስት ሰው ሲፈርም ነው። አምና አንዱ ለቅሶ ሄደ። ሌላው "እሱ ሳይፈርም እጄን አላስገባም" አለ። ጭነቱ አራት ቀን ቆመ። ገበሬው ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ያያል። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው አንድ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ደብረ ማርቆስ ላይ ለሁለት ቀን ለሚሰጡት ሥልጠና 1,500 ብር ከኪሴ የከፈልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጧት ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ኮሎኔሉ ሰፌድ ላይ አሸዋ ነሰነሱና በጣታቸው ወንዝ አሰመሩ። የቡና ሲኒዎች ጦር ሆኑ። አንዱ ቡድን አንድ አዛዥ አለው፤ የእኛ ሦስት እኩል አዛዦች። "ድልድዩ ፈርሷል" ሲሉ እነዚያ ወዲያው ዞረው በመልካው ተሻገሩ። እኛ ስንከራከር ኮሎኔሉ ሲኒያችንን አንድ በአንድ ያነሳሉ። የመጨረሻዋ ስትነሳ የመጋዘናችን በር ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ የራሳቸውን ዘመን አወሩ። በደርግ ጦር ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር፣ ማለትም የፖለቲካ ተቆጣጣሪ፣ እና የደህንነት ሰው ነበሩ። አዛዡ ጠላቱን ትቶ ጎኑን ሲያይ ይውላል። ሶቪየቶች ግን የኮሚሳሩን እኩል ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ አንስተው ትእዛዙን ለአዛዡ ብቻ መልሰዋል። የአሜሪካው ጄኔራል አይዘንሃወርም እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ ፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ከመዝመቱ በፊት ጄኔራሎቹንም የአየር ጠባይ ባለሙያውንም አዳምጧል። የወሰነው ግን እሱ ነው። ካልተሳካ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው የሚል ወረቀትም አስቀድሞ ጽፎ ይዞ ነበር።

አንድ ሰው ያዛል ማለት ሁሉን እሱ ይሠራል ማለት እንዳልሆነም በደንብ አስረድተዋል። አዛዡ ምን እንደሚፈለግና ለምን እንደሆነ ይናገራል። እንዴት የሚለውን ቦታው ላይ ላለው የሻምበልና የመቶ መሪ ይተዋል። ይህን ለመጋዘን ሠራተኞቼ ወስጄዋለሁ።

ሁለተኛው ቀን ደከመ። ስላይዱ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹ ሰልጣኝ ስልኩን ይነካካል።

ከሁሉ ቅር ያለኝ ግን ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጠን የጎጃም አርበኞች ስም አልተነሳም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ አይስማሙም ነበር። በ1933 ዓ.ም. መባቻ ላይ እንግሊዛዊው መኮንን ሳንድፎርድ መሀል ገብቶ ነው ያስማማቸው። አንዱ ለሌላው የማይገብር ሁለት መሪ ሲኖር ምን ይደረጋል? ጠየቅኩ። ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ለእኛ አገር ዋናው ጥያቄ እኮ እሱ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ውሰዱ እላለሁ። ኮሎኔሉ ሰፌዳቸውን ይዘው ቡሬ ከመጡ ደግሞ የሦስቱንም ፈራሚዎች እኔ እከፍላለሁ።