«ናይለን ነው» የሚሏችሁን ገመድ ውሃ ውስጥ ሳትሞክሩት እንዳትገዙ

ሰላም ጎንደሬዎች፣ በተለይ ጎርጎራ ጣና ዳር እየወረዳችሁ አሳ የምታጠምዱ ልጆች ይቺን ሳታነቡ ገመድ እንዳትገዙ። ዓቢይ ጾም ሊገባ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ መረብና መንጠቆ ፍለጋ ላይ ነው፣ እኔ የተበላሁት ይበቃል ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

እኔና ወንድሜ አምባዛ የምንይዘው በመረብ አይደለም በመንጠቆ ነው። ለማታውቁት፣ አንድ ወፍራም ዋና ገመድ አለ፣ እሱ ላይ በየ2 ሜትሩ ግማሽ ሜትር የምትሆን ሲባጎ ትታሰራለች፣ ጫፏ ላይ መንጠቆ። ግማሽ ሜትር የሆነችው ደግሞ ጎረቤቷ ያለችው ጋ እንዳትደርስና እንዳይጠላለፉ ነው። እኛ 100 መንጠቆ ስለምንዘረጋ 200 ሜትር ገመድ ያስፈልገናል። ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ድንጋይ ይታሰራል፣ የት እንዳለ ለማወቅ ባዶ ጀሪካን ከላይ ይንሳፈፋል። አምባዛ የሚበላው ከታች ከጭቃው አካባቢ ስለሆነ ገመዱ ወርዶ መሬት ላይ መተኛት አለበት፣ ካልሰመጠ በቃ ስራ የለም።

የድሮው ገመዳችን ሲያረጅ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ሌሎቹም ጋ ያንኑ እቃ ስላየሁ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ናይለን አለህ ወይ አልኩት። «አለ እንጂ ወንድሜ፣ ኦርጅናል ናይለን፣ 200 ሜትር፣ ላንተ በ2,300» አለኝ። ጥቅሉ አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በላስቲክ ታሽጓል። ለመጠባበቂያም ይሆናል ብዬ 2 ጥቅል ወሰድኩ፣ 4,600 ብር። ደረሰኝ ስለው «ነገ ና» አለኝ፣ የጎርጎራ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ትቼው ሄድኩ። ያንን ደረሰኝ ሳልይዝ መውጣት አልነበረብኝም።

ማታ ስንተረትረው መሃሉ ላይ ቋጠሮ ወጣ። ሁለት ቁራጭ ተቀጥሎ ነው የተጠቀለለው! ለካነው፣ 163 ሜትር። 200 የሚል ወረቀት ተለጥፎበት እኮ ነው። ወንድሜ እንመልሰው ሲለኝ አሁን ወደ ጎንደር ማን ይመለሳል ብዬ መንጠቆውን ቀንሰን አሰርነው፣ ዘረጋነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታንኳ ይዘን ስንሄድ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም። ጫፍና ጫፉ በድንጋዩ ወርዷል፣ መሃሉ ግን ጎብጦ ውሃው ላይ ወጥቷል። መንጠቆው ከነማጥመጃ አሳው ላይ ላዩን ተዘርግቶ አደረ ማለት ነው። ሁለት ሻላ ተይዘዋል፣ ያ ትልቁ ነጭ ወፍ። አንዱ ሞቷል። አንዱ ከመንቁሩ ስር ባለው ከረጢት መንጠቆው ገብቶበት ክንፉ በሲባጎ ተጠቅልሎ ይንፈራገጣል። ወንድሜ ጋቢውን አውልቆ ሸፈነው፣ እኔ የመንጠቆውን ሹል ጫፍ በፒንሳ ቆርጬ በመጣበት በኩል አወጣሁለት፣ ሄደ። ጣና እኮ በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበ ሃይቅ ነው፣ እነዚህ ወፎች የኛው ናቸው፣ በሃሰት በተሸጠ ገመድ እንዲህ ሲሆኑ በጣም ነው ያዘንኩት። አምባዛ ደግሞ አንድም የለም።

ሌላው ጉዱ፣ ሲባጎዎቹ በየ2 ሜትሩ የታሰሩት ሁሉ ተንሸራተው አንድ ቦታ ተከማችተዋል። ገመዱ ልስልስ ስለሆነ ቋጠሮ አይዝም። ያ ሁሉ መንጠቆ እርስ በርሱ ተተብትቦ ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ የሞተር ጀልባ አልፎበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ጀልባውንም ያቆመው ነበር። በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል የምትሰሩት ደግሞ እምቦጩን ታውቁታላችሁ፣ ነፋስ ሲገፋው ላይ የተንሳፈፈ ገመድ ካገኘ ከነመንጠቆው ጠራርጎ ነው የሚሄደው።

ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ አባት ገመዱን በእጃቸው አሻሹትና «ልጄ ይሄ ናይለን አይደለም፣ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሰራበት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፣ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ናይለን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። ገመዱ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ እቃ ለማሰር፣ ጀሪካን ለመሳብ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ከናይለን ይረክሳል፣ ችግሩ በናይለን ስምና በናይለን ዋጋ መሸጡ ነው። ጸሃይ ላይ ሲውል ደግሞ መከላከያ ካልገባበት ይደርቃል፣ እንደ ዱቄት ይራገፋል፣ ጣሪያ ላይ የከረመ ጆንያ ስትነኩት እንዴት እንደሚሆን አይታችኋል አይደል፣ እንደዛ።

ሱቅ ስትገቡ እንዲህ አድርጉ። ከጫፉ አንድ ጣት የምታክል ቁረጡና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ ግን ዝም ብላችሁ አትጣሉት፣ ውሃ ውስጥ በጣታችሁ ጨምቃችሁ አየሩን አስወጡለት፣ ምክንያቱም የተገመደው መሃል አየር ከያዘ ናይለንም ሊንሳፈፍ ይችላል። ተጨምቆም ወደ ላይ ከወጣ ናይለን አይደለም፣ ክርክር የለውም። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ በላይተር ለኩሱት፣ ሁለቱም ይቀልጣሉ ግን ፖሊፕሮፒሊኑ ሻማ ሻማ ይሸታል። ባለሱቁ ቁራጭ አላስቆርጥም ካለ ጥላችሁ ውጡ። ጥቅሉን ደግሞ እዛው አስተርትራችሁ አስለኩት፣ ያፍራል ብላችሁ አትፈሩ።

ወንድሜ ከዚህ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ሲፈልግ ውጭ አገር ዳክዬ የሚያድኑ ሰዎች አሳየኝ፣ የፕላስቲክ ዳክዬ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ደርድረው ውሃ ላይ ይዘረጋሉ፣ እውነተኞቹ ጓደኛ መስሏቸው እንዲያርፉ። አሰራሩ ከኛ ጋር አንድ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብደት፣ መሃል ላይ ቅርንጫፍ። ዳክዬው መንሳፈፍ ያለበት ሆኖ እንኳ ዋናው ገመድ የሚሰምጥ መሆን አለበት ይላሉ፣ ካልሆነ የጀልባውን ሞተር ይይዛል። እኛ ከታች ያለ አሳ የምንፈልገው ደግሞ ስንት እጥፍ ያስፈልገናል።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ነበር። «የተፈታ እቃ አይመለስም» አለኝ፣ ያልተፈታውን ጥቅል ስሰጠው ደግሞ ከኔ መግዛትህን በምን አውቃለሁ አለ። ደረሰኝ የለኝማ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው እቃ ጥራትና አይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ነጋዴም ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፣ ስለዚህ ስትገዙ ደረሰኙ ላይ «ገመድ» ብቻ እንዳይጻፍ፣ «ናይለን፣ 200 ሜትር» ተብሎ ይጻፍላችሁ። እምቢ ካለ አትክፈሉ።

ያልተፈታውን ጥቅል ለማንም አልሸጥም። ቁራጩን በኪሴ ይዤው ነው የምዞረው፣ ጎርጎራ ወደቡ ላይ ካገኛችሁኝ አሳዩን በሉኝ፣ ከትክክለኛው ናይለን ጋር ጎን ለጎን ውሃ ውስጥ ጥዬ አሳያችኋለሁ።