የሃሪ ፖተር ሰባት መጻሕፍት፦ ትምህርት ቤቱ ሲጠፋ ታሪኩም ይላላል

ፊልሞቹን አይቶ «የሃሪ ፖተርን ታሪክ ጨርሼዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፕሮፌሰር ቢንስ ማን እንደሆነ ጠይቁት። ዝም ካለ በቃ፣ አላነበበም። ቢንስ ሆግዋርትስ በሚባለው የአስማት ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ የሚያስተምር መንፈስ ነው። ሲያረጅ የመምህራን ክፍል ውስጥ እሳት እየሞቀ አንቀላፋና ሞተ፤ በማግስቱ ጠዋት ሬሳውን እዚያው ትቶ ክፍል ገባ። እሱ ማስተማሩን ቀጠለ፣ ተማሪዎቹም ማንቀላፋታቸውን። ስምንቱም ፊልሞች ሰውየውን ዘለውታል። እኔ ደግሞ መጻሕፍቱን የምወዳቸው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መነሻውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ቶሎ ልለፈው። ሃሪ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1980 ተወለደ። ገና በአንድ ዓመቱ ቮልዴሞርት የሚባል ክፉ ጠንቋይ አባትና እናቱን ገደለበት፣ እሱ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ይዞ ተረፈ። አክስቱ ቤት ደረጃ ስር ባለች ጠባብ ማከማቻ ውስጥ እየተኛ አደገ። 11 ዓመት ሲሞላው ሀግሪድ የሚባል ግዙፍ ሰውዬ የትምህርት ቤት ጥሪ ይዞለት መጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው።

የደራሲዋ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የትምህርት ዘመን። ባቡር፣ የመክፈቻ ግብዣ፣ አዲስ መምህር፣ የገና እረፍት፣ ፈተና፣ ወደ ቤት። አስማቱ የፈለገውን ያህል ቢወሳሰብ አንባቢው የት እንዳለ አይጠፋበትም፣ ምክንያቱም ሁላችንም ትምህርት ቤትን ያለፍነው እንዲሁ ክፍል እየቆጠርን ነው። የጨለማ አስማት መከላከያ የሚባለው ትምህርት ደግሞ በየዓመቱ መምህር ይቀየርበታል፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው «የዘንድሮው ደግሞ ምን ዓይነት ይሆን?» እያላችሁ ትገባላችሁ።

ለእኔ ምርጡ ሦስተኛው ነው። መምህሩ ሉፒን ነው፣ ልብሱ የተጣጣፈ፣ ድካም የሚነበብበት። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜውን ብቻ ለማንበብ መጽሐፉን መግዛት ይቻላል። ቁምሳጥን ውስጥ የተደበቀ ፍጡር አለ፣ በጣም የምትፈሩትን ነገር መስሎ ነው የሚወጣው። ኔቪል፣ ክፍሉ ሁሉ የሚስቅበት ልጅ፣ ከዓለም ሁሉ የሚፈራው የገዛ መምህሩን ስኔፕን ነው። ሉፒን አይስቅበትም። «አያትህ ምን ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሱት?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚያ ቁምሳጥኑ ይከፈታል፣ ስኔፕ ተኮሳትሮ ይወጣል፣ ኔቪል ዘንጉን ያነሳል፤ ወዲያው ስኔፕ የአያትየውን ረጅም ቀሚስ ለብሶ፣ ጥንብ አንሳ የተለጠፈበት ባርኔጣ ደፍቶ፣ ትልቅ ቀይ የእጅ ቦርሳ አንጠልጥሎ ይቆማል። ማስተማር ማለት ይሄ ነው። ቮልዴሞርት በዚህኛው ቅጽ ብቅም አይልም፣ እኔም አልናፈቀኝም።

አምስተኛው ወፍራም ነው። ከ700 ገጽ በላይ፣ ሃሪም ግማሹን የሚያሳልፈው ሲጮህ ነው። መቀነስ ነበረበት፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ግን አምብሪጅ አለችበት፣ ስለዚህ አትዝለሉት። ሴትየዋ ከመንግሥት ተልካ የመጣች ናት፤ ግፏን ሁሉ በደንብና በመመሪያ ታደርገዋለች፣ አዋጅ እያወጣች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ትለጥፋለች። ሃሪ ቮልዴሞርት ተመልሷል በማለቱ ቅጣት ታዘዘበት። የላባ ብዕር ሰጠችው፣ ቀለም ግን የለም። ውሸት መናገር እንደሌለበት ደጋግሞ እንዲጽፍ አዘዘችው። ጻፈ፤ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ በደሙ ቀልቶ ወጣ፣ የእጁ ጀርባም ላይ ያው ቃል ቆዳውን ቀዶ ተቀረጸ። ልጁ ግን ትንፍሽ አላለም፣ እሷ ፊት መሸነፍ ስለመሰለው ለሌሎቹም መምህራን አልነገረም። ይሄ እልህ ከብዙ ድግምት ይልቅ እውነት ነው። ከዚያ ተማሪዎቹ ሲያምፁ የሚያምፁት እንዴት ነው? ተደብቀው ትርፍ ክፍል በመማር! መምህራቸው ሃሪ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ አመፅ የትም አላነበብኩም።

ቅሬታዬን ልዘርዝር ብል አላበቃም፤ ጥቂቱን ብቻ። ኩዊዲች የሚባለው ጨዋታ ትርጉም የለውም፦ አንድ ጎል 10 ነጥብ፣ ትንሿን ወርቃማ ኳስ የያዘ ግን 150። ታዲያ የቀሩት ምን ሊያደርጉ ይለፋሉ? የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይም ርዕሰ መምህሩ ዳምብልዶር አዳራሹ በተቀናቃኙ የተማሪዎች ቡድን በስሊተሪን ቀለም ከተጌጠ በኋላ ለእነሃሪ ቡድን 170 ነጥብ ይደርብና የዓመቱን ዋንጫ ይነጥቅላቸዋል። ስሊተሪኖችን አልወዳቸውም፣ ያን ቀን ግን አሳዘኑኝ። አራተኛው ላይ ያለው የጠላት ዕቅድ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ የፈጀው አንድን ልጅ የነካውን ወደ ጠላት ዘንድ የሚወስድ አስማተኛ ዋንጫ ለማስነካት ነው። ማንኪያ ቢያስነኩት አይበቃም ነበር?

ሰባተኛው ላይ ነው ታሪኩ የሚላላው። ሃሪና ሁለቱ የቅርብ ጓደኞቹ ሮንና ሄርማዮኒ ትምህርት ቤት አይመለሱም። ድንኳን ተክለው ጫካ ለጫካ ይዞራሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይራባሉ፣ እኛም ገጽ እንቆጥራለን። የሚያስቆጨው፣ በዚያው ዓመት ሆግዋርትስ ውስጥ ስኔፕ ርዕሰ መምህር ሆኗል፣ ጨካኝ መምህራን ተቀምጠዋል፣ ያ ፈሪው ኔቪል ደግሞ ተማሪውን እየመራ እየታገላቸው ነው። ይሄን ሁሉ የምንሰማው በወሬ ነው! እኔን ቢጠይቁኝ ከድንኳኑ 200 ገጽ ቆርጬ ለኔቪል እሰጥ ነበር። ለነገሩ ልጆቹ ለመጨረሻው ጦርነት ወደ ሆግዋርትስ የገቡ ቅጽበት መጽሐፉ ነፍስ ይዘራል፣ እስኪያልቅም እንቅልፍ የለም።

ለልጅ የምትገዙ ከሆነ እስከ ሦስተኛው ድረስ ስጡት፣ ከአራተኛው ጀምሮ ትንሽ ይደግ። የአራተኛው መጨረሻ ላይ ያለው የመቃብር ቦታ ትዕይንት ለትንሽ ልጅ አይሆንም፣ ለአዋቂም ማታ ማታ አልመክርም። በእንግሊዝኛ የሚያነብ ከሆነ የሀግሪድ ንግግር እንደ አነጋገሩ ተበላልቶ ስለተጻፈ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ያኔ ይገባዋል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛውን ግዙና የቀረውን ከሰው ተዋሱ።