«አይ ኤም ኤሱ ተቀይሯል» ካሏችሁ ደረሰኙን ጠይቁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ የ2001 ፖርሽ ቦክስተር አይቷል። ብርማ ቀለም፣ ማርሿ በእጅ፣ ጣራዋ የሚከፈት፣ ዋጋዋ 9 ሺህ ዶላር። ደስታው ከድምፁ ይሰማል። እኔም አብሬው ደስ ሊለኝ ነበር፣ ግን «ሻጩ አይ ኤም ኤሱ ተቀይሯል ብሎኛል» ሲለኝ ልቤ ድንግጥ አለ። አይ ኤም ኤስ የሚሉት በዚች መኪና ሞተር ውስጥ ያለ፣ ከተሰበረ ሞተሩን የሚጨርስ ዕቃ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም ይህንኑ ቃል ሰምቼ ነው እቁብ በወጣልኝ ሳምንት ገንዘቤን ይዤ የሄድኩት። ለእሱ በስልክ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው፤ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ በትንሽ ገንዘብ የስፖርት መኪና ለምትፈልጉ።

መኪናዋን አልከስም። ከ1997 እስከ 2004 ሞዴል ያለችው ቦክስተር፣ መካኒኮች 986 የሚሏት፣ ስትነዳ ነፍስ ታድሳለች። ችግሩ እርጅናዋና የሻጩ አፍ ነው። እርጅና ያልኩት እንዲህ ነው፤ አዲስ ሆና ስትሸጥ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ የምታወጣ መኪና ዛሬ 9 ሺህ ብትጠየቅባትም ዕቃዋ አልረከሰም። መለዋወጫዋና የእጅ ዋጋዋ ያው የውድ መኪና ነው።

አሁን አይ ኤም ኤስ የሚሉት ምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያልገባው ሰው ነው በዚህ ቃል የሚሸወደው። ሞተሩ ውስጥ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ካምሻፍቶች በሰንሰለት የሚያዞር አንድ መካከለኛ ዘንግ አለ፤ አይ ኤም ኤስ የእሱ የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። ያንን ዘንግ በአንድ ጫፉ ይዞ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ኩሽኔታ ነው ወሬው ሁሉ፤ «አይ ኤም ኤሱ ተቀይሯል» ሲሉም ይህ ኩሽኔታ ተቀይሯል ማለታቸው ነው። ኩሽኔታው ውስጡ ግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማሸጊያው ይደክማል፣ የሞተር ዘይት ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል። ከዚያ ይላላል። የተሰበረ ቀን ዘንጉ ይንገዳገዳል፣ ሰንሰለቱ ይዛባል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገጠመው ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ይሻላል። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ የመጣው ባለ አንድ ረድፉ ነው ይበልጥ የሚፈራው። ሁሉም ይሰበራል ማለቴ አይደለም፤ 150 ሺህ ማይል በሰላም የሄዱ አሉ። እዚህ አሜሪካ በዚሁ ጉዳይ የጋራ ክስ ቀርቦ በስምምነት ተዘግቷል፣ ግን በስምምነቱ የተሰጠው የጊዜ ገደብ ካለፈ ቆይቷልና አሁን ከዚያ የምታገኙት ነገር የለም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኩሽኔታው ያለው ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው። ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም የሚለውን በዓይን ለማየት ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ ፍሪሲዮኑ መፈታት አለበት፣ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለው ከባድ የብረት ጎማ፣ ቮላኖውም እንዲሁ። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ይህን አያደርግም። ሻጩም ያውቃል። ስለዚህ «ጎማው አዲስ ነው» ብሎ የሚዋሽ ሰው ጎማውን ስታዩ ይጋለጣል፣ «አይ ኤም ኤሱ ተቀይሯል» ብሎ የሚዋሽ ግን ማንም አይደርስበትም። በዚያ ላይ ሞተሩ ራሱ አይታይም። የፊቱን ኮፈን ስትከፍቱ የሻንጣ ቦታ ነው፣ የኋላውን ስትከፍቱም የሻንጣ ቦታ ነው። ዘይትና ውሃ የሚሞላባቸው ክዳኖች ብቻ ከኋላ ይታያሉ። ሞተሩ ከወንበሮቹ ጀርባ ምንጣፍና ክዳን ሥር ተሸፍኗል።

የኔ የ2002 ሞዴል ነበረች፣ 94 ሺህ ማይል የሄደች። ሻጩ ትንሽ የመኪና መሸጫ ያለው ሰው ነው፤ ስሙን አልጠራም። በጣም ትሁት ነበር፣ ሻይ ሁሉ ጋበዘኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «የድሮው ባለቤት ጋ ነው፣ አስልክልሃለሁ» አለኝ። እኔም 9,200 ዶላር ከፈልኩ። መስኮቱ ላይ በሕግ የሚለጠፈው የገዢዎች መመሪያ የሚሉት ወረቀት ነበር። «አዝ ኢዝ» በሚለው ላይ ምልክት ተደርጎበታል፣ ማለትም ከነችግሩ፣ ያለ ዋስትና። ያ ወረቀት በአፍ የተነገረ ቃል ለማስፈጸም እንደሚያስቸግርና ነጋዴው ቃሉን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ራሱ ይናገራል። እኔ ቆሜ አላነበብኩትም። እናንተ አንብቡት። «ኩሽኔታው ተቀይሯል» የሚለውን እዚያው ወረቀት ላይ ጻፍልኝ በሉት፤ እውነት ከሆነ ለመጻፍ ምን ይከብደዋል?

ወደ ሜሪላንድ አምጥቼ ታርጋ ከማውጣቴ በፊት የግዴታውን የደህንነት ምርመራ አስደረግኩ። አለፈች። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ያየዋል፣ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ምርመራው ግን ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ መሪና የመሳሰለውን ነው የሚያየው። ሞተሩ ውስጥ ምን እንዳለ አይነግራችሁም።

በአምስተኛው ሳምንት ጠዋት ስቀሰቅሳት ሰፈሩን የሸፈነ ነጭ ጭስ ወጣ። የዘይቱን ትነት ከአየሩ የሚለየው ዕቃ ተቀዶ ሞተሩ ዘይት እየሳበ ነበር፣ 650 ዶላር። ቀጥሎ የኋላው ሻንጣ ምንጣፍ ረጠበ፤ የራዲያተር ውሃ የሚጠራቀምበት የፕላስቲክ ታንከር ተሰንጥቋል፣ 700 ዶላር። እነዚህ ሁለቱ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቁ ናቸው፣ በነሱ አላዘንኩም። ታንከሩንማ በኋላ ሲገባኝ ትዕግሥት ያለው ሰው ዕቃውን ገዝቶ ራሱ ሊቀይረው ይችላል።

ያሳዘነኝ ሦስተኛው ነው። ዘይት ልቀይር አንድ የሰፈራችን መካኒክ ጋ ሄድኩ፣ አገር ቤትም እዚህም ረጅም ዘመን የሠራ አባት ነው። ፊልትሮውን አወጣው። የዚች መኪና ፊልትሮ ውስጡ ወረቀት ነው፣ እንደ ቀሚስ ሽንሽን የተጣጠፈ። ነጭ ፎጣ ላይ አስቀምጦ ሽንሽኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ገለጠ። መጀመሪያ ጥቁር ዘይት ብቻ መሰለኝ። ከዚያ መብራቱን ሲያቀርብ ከእጥፋቶቹ ውስጥ እንደ ብር አሸዋ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። ማግኔት አስጠጋበት። አሸዋው ብድግ ብሎ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። «ልጄ፣ ይሄ ብረት ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አሉሚኒየም ቢሆን ማግኔት አይዘውም። ከዛሬ ጀምሮ አታስነሳት»።

ካምቢዮውን ለማውረድ 900 ዶላር ከፈልኩ። ኩሽኔታው ከፋብሪካ የወጣው ነበር። የተነካ ነገር የለም። ማሸጊያው ተበልቶ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ደግሞ ኩሽኔታውን ብቻ ቀይሮ መመለስ አይበቃም፤ የብረቱ ፍርፋሪ በዘይቱ ሞተሩን ሁሉ ዞሮታልና መከፈት አለበት። ያገለገለ ሌላ ሞተር ከነማስገጠሚያው ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ጠየቁኝ። አልነበረኝም። ለሻጩ ደወልኩ፣ «አዝ ኢዝ ላይ ፈርመሃል» አለኝና ዘጋው። በመጨረሻ ችግሯን ዘርዝሬ ለመለዋወጫ በ2,800 ሸጥኳት። ስደምረው ከ8,600 ዶላር በላይ ነው የጠፋው፣ በአራት ወር። ያ ገንዘብ ለእህቴ የኮንዶሚኒየም ክፍያ ልረዳት ያሰብኩት ነበር፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ብትገዙም ባትገዙም የምለምናችሁ ይህንን ነው። ደረሰኝ ሲባል ደረሰኝ የሚመስል ወረቀት አይደለም። የጋራዡ ስም፣ ቀኑ፣ የተሠራ ጊዜ የነበረው ማይል፣ የሻንሲ ቁጥሩና የገባው ኩሽኔታ ዓይነት ያለበት መሆን አለበት። ጋራዡ ጋ ራሳችሁ ደውሉ። ደረሰኙ ከሌለ ሥራው እንዳልተሠራ ቁጠሩትና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ ኩሽኔታውንና ፍሪሲዮኑን አንድ ላይ ማስቀየር የፖርሽ አከፋፋይ ባልሆነ ጋራዥ እንኳ 3 ሺህ ዶላር አካባቢ እንደሚሄድ አስባችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አሠሩ፣ ካምቢዮው አንዴ ከወረደ የእጅ ዋጋው ያው ነውና።

ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። እኔ ስደርስ ሻጩ አሙቆ ነበር የጠበቀኝ፣ ጭሱን ያላየሁትም ለዚያ ይመስለኛል። በ25 ዶላር የሚገዛ የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቼክ ኢንጂኑ ባይበራም መኪናዋ ራሷን ከምትመረምርባቸው ፍተሻዎች «ዝግጁ አይደለም» የሚሉት ከበዙ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል ማለት ነው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ምንጣፉን በእጃችሁ ጫኑት። የጣራው ውሃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈን ውሃው እዚያ ይወርዳል፣ የቁልፉ ኮምፒውተር ደግሞ እዚያው ወንበር ሥር ነው፤ ከረጠበ መኪናዋ አልነሳም ልትል ትችላለች። ማይሉንም በጭፍን አትመኑ፣ የ2010 እና ከዚያ በፊት ሞዴል መኪና ሲሸጥ ሻጩ የማይሉን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ የፌዴራል ሕግ አያስገድደውም።

ከሁሉ በላይ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሞተር የሚያውቅ ጋራዥ ወስዳችሁ አስመርምሩ። 300 ዶላር ቢጠይቋችሁም ክፈሉ። ፊልትሮውን እንዲያወጡላችሁና ሽንሽኑን እንዲገልጡት ንገሯቸው፤ ሻጩ እሺ ካለ ነው ታዲያ።

ለዚያ ወንድማችን ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ሻጩን ደረሰኝ ጠየቀው። «የድሮው ባለቤት ጋ ነው» ተባለ። ጋራዥ ልውሰዳት ሲል ደግሞ ሌላ ሰው ዛሬ ማታ በጥሬ ገንዘብ ሊወስዳት እየመጣ ነው አሉት። ወንድማችን ቀብድ አልከፈለም። ይኸው አራተኛ ቀኑ፣ ማስታወቂያው እስካሁን አልወረደም። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁና እንዲህ ያለ መኪና ልታዩ የምትሄዱ ካላችሁ ኮድ ማንበቢያው እኔ ጋ አለ፣ እሁድ ከሰዓት አብሬያችሁ እሄዳለሁ።