የታደሰ አሮጌ ትራክተር ስትገዙ፦ ማሲ ፈርጉሰን 135 ወይስ ቤላሩስ 80?

ሁለቱም አዲስ ቀለም ተቀብተው ሲቆሙ ዓይን ይስባሉ። ገዢና ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት በፈረስ ጉልበት ነው፤ ማሲው 45 ገደማ፣ ቤላሩሱ 80። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ሞተር ሲገዛ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሞተሩ እምቢ ያለ ቀን ችግሩን እዚያው እርሻው ላይ ማግኘት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። በዚህ በኩል ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ማሲ 135 እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ሲሠራ የቆየ ነው። የቤንዚንም አለው፤ እዚህ የምናየው የናፍታውን ነው፦ ፐርኪንስ ኤዲ3.152፣ ሦስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር። ቤላሩስ 80 (ኤምቴዜ-80) የሚንስክ ምርት ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን ሞተሩ ዲ-240፣ አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር ነው። አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ የነበረው ፋብሪካ የቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ስለነበር ይህኛው ለእኛ አገር መካኒክ እጅ እንግዳ አይደለም።

ፖምፓው

ብዙ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። 135ቱ ላይ ናፍታውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ሲኤቪ ዲፒኤ የሚባለው ፖምፓ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር አንድ ሮተር አለ፤ ለሦስቱም ሲሊንደር ናፍታ የሚያከፋፍለው እሱ ብቻ ነው። ቅባት የሚያገኘውም በውስጡ ከሚያልፈው ናፍታ ነው። በበርሜል ተቀምጦ ውሃና ደለል የያዘ ናፍታ ሲገባበት ሮተሩና ቤቱ ይፋቃሉ፤ ያኔ ሦስቱም ሲሊንደር አብረው ይደክማሉ።

የዚህ ድካም ዋና ምልክት፣ በቀዝቃዛው የሚነሳ ሞተር ሞቆ ከጠፋ በኋላ አልነሳ ማለቱ ነው። የሞቀ ናፍታ ስለሚቀጥን በተፋቀው ክፍተት ሾልኮ ይመለሳል፤ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ በሚያዞርበት ጊዜ ናፍታ የሚረጨውን ኢንጀክተር የሚከፍት ግፊት አይጠራቀምም። ስለዚህ ትራክተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል በሥራ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ዐሥር ደቂቃ ቆዩና አስነሱት። እምቢ ካለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጠቅልሉና ጥቂት ጠብቃችሁ ድገሙት። አሁን ከተነሳ ባትሪውንም ኢንጀክተሩንም አትውቀሱ፤ ያለቀው ፖምፓው ነው። ይህ ደግሞ እርሻ ላይ የሚጠገን አይደለም፤ መፈተሻ ማሽን ያለው ፖምፓ ቤት መሄድ አለበት። አካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ቤት ከሌለ ይህ ብቻውን ማሲውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

የቤላሩሱ ዩቴኤን-5 ፖምፓ በረድፍ የቆሙ አራት ፕላንጀሮች (ናፍታ የሚገፉ ትንንሽ ዘንጎች) አሉት፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። አንዱ ሲደክም ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል፣ ግን እያነከሰም ቢሆን ቤት ይገባል። የታመመውን ሲሊንደር ለማግኘት ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር እያሠራችሁ የኢንጀክተር ቱቦዎችን ዳዶ ተራ በተራ ግማሽ ዙር አላሉ። ስታላሉት የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር አስቀድሞም እየሠራ አልነበረም። ማሲው ላይም ይህ ይሠራል። እጃችሁን ግን ከሚረጨው ናፍታ አርቁ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል።

አየር ሲገባ

ናፍታ አልቆበት የቆመ ማሲ ትዕግሥት ይጠይቃል። ናፍታ መሳቢያዋን ፖምፓ በእጅ ማንሻዋ እያንቀሳቀሳችሁ መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ ያለውን ብሎን፣ ቀጥሎ ዲፒኤው ጎን ላይ ያለውን፣ ከዚያ ከላይ ገቨርነሩ (ዙር ተቆጣጣሪው) ክዳን ላይ ያለውን ክፈቱ፤ አረፋ የሌለው ናፍታ ሲወጣ በየተራ ዝጉ። በመጨረሻ የሁለት ኢንጀክተር ቱቦዎችን አላልታችሁ፣ ማጥፊያውን ወደ ውስጥ ገፍታችሁ፣ ጋዙን ሙሉ ከፍታችሁ በሞተሪኖ አዙሩ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው የእጅ ማንሻዋ ባዶ ስትወዛወዝ ነው። አልተበላሸችም፤ የሚገፋት ካም ከፍ ብሎ ቆሞ ነው። ሞተሩን አንድ ዙር አዙራችሁ ሞክሩ።

ቤላሩሱ ላይ የእጅ ፖምፓው ትልቅና ምቹ ስለሆነ ይኸው ሥራ ቶሎ ያልቃል።

ዘይትና ውሃ

ሁለቱም ላይ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ማሲው ላይ ዘይቱ ከመስመር በላይ ሆኖ ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ምክንያቱ በብዛት ከሁለት አንዱ ነው፦ የናፍታ መሳቢያዋ ፖምፓ ሽፋን ተቀዷል፣ ወይም የዲፒኤው ዘንግ ማኅተም አልቆ ናፍታውን ወደ ጥርሶቹ ቤት ያፈሳል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ሁለተኛው ፖምፓ ያስፈታል። ሁለቱም ቸል ከተባሉ ዘይቱ ቀጥኖ ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ስስ ሽፋን) ይበላል።

ቤላሩሱ ላይ የዘይቱ መጠን ከፍ ማለት ይበልጥ የሚያጠራጥረው ውሃን ነው። የዲ-240 ሊነሮች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ውሃ በቀጥታ የሚነካቸው ዓይነት ናቸው፤ ከታች የሚያሽጓቸው የጎማ ቀለበቶች ሲደርቁ ውሃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ትራክተሩ ሌሊቱን ሳይነሳ ይደር፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይነካ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ቀስ ብላችሁ አላሉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ሻጩ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ፈተናው ለሌላ ቀን ይቀጠር።

በሌላ በኩል ይኸው ሊነር የቤላሩሱ ትልቁ ጥቅም ነው። አሮጌውን ጎትቶ አዲስ ማስገባት በተራ ጋራዥ ይቻላል። የፐርኪንሱ ደረቅ ሊነር በፕሬስ ይገባል፤ ከዚያም እንደ ሊነሩ ዓይነት በማሽን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ቤላሩስ "ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል" ከተባላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ፒስተንና ሊነር በመጠን ምድብ ፊደል የሚጣመሩ ናቸው፤ ተመሳሳይ ምድብ ገብቷል ወይ? የሊነሩ ከንፈር ከብሎኩ ፊት ከ0.05 እስከ 0.11 ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ተለክቷል ወይ? ዝቅ ካለ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ስለማይጨመቅ ሥራ በበዛበት ሰሞን ይቃጠላል። መልሱ ዝምታ ከሆነ እድሳቱ ቀለም ብቻ ነው።

የዘይት ግፊትን ሞተሩ ሲሞቅ እዩ፤ በቀዝቃዛው ሁሉም ጥሩ ያሳያል። በሥራ ዙር ላይ ፐርኪንሱ ከ2 እስከ 4 ባር፣ ዲ-240 ከ2 እስከ 3 ይጠበቅበታል። ቤላሩሱ ዘይቱን የሚያጣራው በሚሽከረከር ሮተር ስለሆነ የሞቀ ሞተር ስታጠፉ ቢያንስ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ስስ የማፏጨት ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ በቆሻሻ ተይዟል፤ ፈትቶ ማጠብ ነው። የአየር ታንኩንም ማፍሰሻ ክፈቱ፤ ዘይት ከወጣ ሞተሩ ላይ የተገጠመው ኮምፕረሰር ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል።

ማሲው በበኩሉ ከኋላ የኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ማኅተሙ ያፈሳል። የገመድ ዓይነት ስለሆነ ጥቂት ማላቡ አያስደነግጥም። የፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ግን ኮፒሊያ የገባባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ዘይት ቢገባ እንዲወጣባት የተተወች። በማጣበቂያ ተደፍና ካገኛችኋት ትራክተሩ መሐሉ ተከፍሎ መሠራት ያለበት መሆኑን ዋጋው ውስጥ አስቡት።

ጠዋት ጠዋት

በአርሲና በባሌ ደጋ ብርድ 135ቱ ቴርሞስታርት ያስፈልገዋል። ይህ ማኒፎልዱ ውስጥ ናፍታ አንጥቦ የሚያቃጥል ማሞቂያ ነው፤ ትንሿ የናፍታ መያዣው ባዶ ከሆነች አይሠራም። ኤተር ረጭቶ የሚያስነሳ ሻጭ ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ ማሞቂያው ጋሎ ኤተሩን ካገኘ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያለ ኤተር አለመነሳቱም ራሱ ጥርጣሬ ነው። አንዳንዱ ቤላሩስ ፔዴ-10 የምትባል የቤንዚን ማስነሻ ሞተር አለው። ዋናው ባትሪ ቢደክምም ታድናለች፤ በአንጻሩ አንድ እጅ ዘይት በ15 እጅ ቤንዚን የተቀላቀለ ነዳጅና የራሷ ካርቡሬተር፣ ካንዴላና ማግኔት አሏት። የማይፈልጋት ሰው በሞተሪኖ የሚነሳውን ይምረጥ።

ማሳው ሰፊና ዋልካ ከሆነ፣ ማረሻው ሦስት ዲስክ ከሆነ፣ ከተማውም ሩቅ ከሆነ ቤላሩሱ ነው። ለቀላል አፈር፣ ለጋሪና ለርጭት፣ ፖምፓ ቤት በቅርብ ላለው ሰው ማሲው ይሻላል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ማሲውን ከወሰዳችሁ ወዲያውኑ የናፍታ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ታንኩን አፍስሳችሁ እጠቡ፣ የቫልቭ ክፍተቱንም በቀዝቃዛው 0.30 ሚሊሜትር ላይ አስተካክሉ። ቤላሩሱ ላይ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ሳሕን ውስጥ ያለውን ዘይት እዩ፤ በጭቃ ረግቶ ከተገኘ አዲሱ ፋሻም ብዙ አቧራ ውጧል ማለት ነው።