ለሆድ ዕጢ የትኛው ዶፕለር? በእጅ የሚያዘው፣ ላፕቶፑ ወይስ ባለጎማው

ለክሊኒክዎ አልትራሳውንድ ሊገዙ ፕሮፎርማ እየሰበሰቡ ከሆነ ሁሉም ወረቀት ላይ «ከለር ዶፕለር አለው»፣ ማለትም የደም ፍሰትን በቀለም ያሳያል፣ የሚል ያገኛሉ። እውነት ነው፣ አለው። ግን 12 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ባለ የጉበት ዕጢ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ደም ያሳያል ወይ? ገንዘብዎን የሚያወጡት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የዶፕለር ዓይነቶቹን እንለይ። ከለር ዶፕለር ደሙ ወደ ፕሮቡ (ሰውነት ላይ ወደሚደረገው የማሽኑ ክፍል) እየመጣ ይሁን እየራቀ በቀይና በሰማያዊ ያሳያል። ለትልልቅ ደም ሥሮች ጥሩ ነው። ደም ሥሩ ከፕሮቡ ከሚወጣው የድምፅ ጨረር ጋር ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ቀለሙ ይጠፋል። ፓወር ዶፕለር አቅጣጫውን ትቶ የምልክቱን ጥንካሬ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ቀጫጭን ደም ሥሮችንና ዘገምተኛ ደምን የተሻለ ያገኛል፣ ማዕዘኑም ያን ያህል አያስቸግረውም። ጉድለቱ እንቅስቃሴ አለመቻሉ ነው። ታካሚው ሲተነፍስ ስክሪኑ በቀለም ይሞላል። ከልብ ሥር ያለው የግራ ጉበት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ሦስተኛው ፐልስድ ዌቭ ነው፤ የደሙን ፍጥነት በግራፍ ያወጣል። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው። ጤናማ ጉበት ወደ 75 በመቶ የሚሆነውን ደም የሚያገኘው ከአንጀት ደም ከሚያመጣለት ከፖርታል ቬይን ነው። የጉበት ካንሰር ግን በዋናነት የሚመገበው ከልብ ደም ከሚያመጣው ከአርተሪ ነው። አሁን የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው ፖርታል ቬይን ውስጥ የረጋ ነገር ታየ እንበል። ተራ የረጋ ደም ነው ወይስ ዕጢው ራሱ ደም ሥሩ ውስጥ ገብቷል? እዚያው ውስጥ የአርተሪ ምት በግራፉ ላይ ከወጣ ዕጢ የመሆኑ ጥርጣሬ በጣም ይጠነክራል፤ የሕክምናው መንገድም ይቀየራል። ፐልስድ ዌቭ የሌለው ማሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ወደ ማሽኖቹ እንምጣ። ከስልክ ጋር የሚሠራው፣ በእጅ የሚያዘው፣ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን ለማየትና ለድንገተኛ ክፍል ግሩም ነው። ለዕጢ የደም ፍሰት ግን አልመክረውም። ጥልቀት ላይ ዶፕለሩ ይደክማል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ አንዳንዶቹ ፐልስድ ዌቭ የላቸውም። ዓመታዊ ክፍያ የሚጠይቁም አሉ።

ላፕቶፑ መካከለኛው ነው። ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ምርመራው አይቋረጥም፤ ወደ ገጠር ለሚወጣ ቡድንም ይመቻል። ጥሩዎቹ ከባለጎማው ብዙም አይርቁም። ርካሾቹ አንገት ላይ ያምራሉ፣ ሆድ ላይ ይጠፋሉ።

ባለጎማው ትልቁ ማሽን ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በጥልቀት የሚገኘውን ዘገምተኛ ደም ከሁሉም በተሻለ ያወጣል። አዳዲሶቹ በጣም ቀጫጭን ደም ሥሮችን ለይቶ የሚያሳይ ተጨማሪ ፕሮግራም አላቸው። ዩፒኤስና ስታቢላይዘር የግድ ነው፤ ያንን በዋጋው ላይ ደምረው ያስቡ። በጀቱ ከጠበበ ከርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ባለጎማ እመርጣለሁ። ለ4ዲ ተብሎ የሚጨመረውን ዋጋ ግን አይክፈሉ። ለእርግዝና ያማረ ምስል ይሰጣል እንጂ ለሆድ ዕጢ አይጠቅምም።

ሻጩ ማሽኑን ሲያሳይዎት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቡን አንገት ላይ ያደርጋል። የአንገት አርተሪ ቅርብና ፈጣን ነው፣ ማንኛውም ማሽን ያሳየዋል። እርስዎ ሞላ ያለ ሰው ይዘው ይሂዱ። ለሆድ በሚያገለግለው፣ ፊቱ ጎበጥ ባለው ኮንቬክስ ፕሮብ ኩላሊቱን ያግኙ፣ ትንፋሹን እንዲይዝ ይጠይቁት፣ ፓወር ዶፕለር ይክፈቱ። ስኬሉን (የሚታየውን የፍጥነት ክልል) እና ዎል ፊልተሩን (ዘገምተኛ ምልክትን የሚቆርጠውን ማጣሪያ) ዝቅ ያድርጉ። ቀለሙ እስከ ኩላሊቱ ውጫዊ ጠርዝ መድረስ አለበት። መሐል ላይ ከቆመ ያ ማሽን ዕጢ ውስጥ ያለውን ደምም አያሳይዎትም። የቀለም ሳጥኑን (ዶፕለሩ የሚታይበትን የምስሉን ክፍል) ሲከፍቱ ምስሉ መንቀርፈፉንም ያስተውሉ።

ያገለገለ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ጄሉን ከፕሮቡ በደንብ ይጥረጉና ማንንም ሳይነኩ አየር ላይ ይያዙት። ስክሪኑ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆኑ መስመሮች ይታያሉ። ወደ ታች የወረደ ጥቁር ክፍተት ካለ የሞተ ክሪስታል (ድምፁን የሚልክና የሚቀበል የፕሮቡ ክፍል) አለ ማለት ነው። ማሽኑ ምንም ያህል ቢያምር ፕሮቡን ይመልሱ። መሣሪያው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን፣ ዋስትናው ፕሮቡንም ማካተቱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

የትኛውንም ቢገዙ ቀለም አለመታየቱ ደም የለም ማለት አይደለም። ሄማንጂዮማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ የጉበት ዕጢ ራሱ ከደም ሥር የተሠራ ነው፤ ደሙ በጣም ስለሚዘገይ ግን በዶፕለር ብዙ ጊዜ ባዶ ይመስላል። ደም በብዛት መታየቱም ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም። እንዲህ ያለውን የሚለየው ኮንትራስት (ደም ሥርን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት) ያለው ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ነው፤ አለዚያም በደም ሥር የሚሰጥ ጥቃቅን የጋዝ አረፋ ያለው አልትራሳውንድ። አረፋው በኩላሊት ሳይሆን በሳንባ ስለሚወጣ ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች መልካም አማራጭ ነው። ሆኖም የአረፋ መድኃኒቱን ዘወትር የሚያቀርብልዎት ሰው ከሌለ ለኮንትራስት ፕሮግራሙ አሁን አይክፈሉ፤ በኋላ ሊጫን የሚችል መሆኑን ብቻ በውሉ ላይ ያስጽፉ።