የጫካው ጉዞ፦ አስጎብኚው አምስት ኮከብ፣ ድርጅቱ ሦስት

ገጹ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚያስገባ አራት ላይ አስታርቄዋለሁ።

አገልግሎቱ ጠዋት ጠዋት የሚካሄድ፣ አስጎብኚ ያለው የጫካ የእግር ጉዞ ነው። ቦታው ፕሪንስ ዊሊያም የደን ፓርክ፣ ቨርጂኒያ። ከአሌክሳንድሪያ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወርዳችሁ በ150 መውጫ ትወጣላችሁ። ለአዋቂ 40 ዶላር፣ ለልጅ ግማሽ። የአዛውንት ቅናሽ አለ ብለው ነበር፤ እናቴን ይዤ ስደርስ «እሱ በኦንላይን ለከፈለ ብቻ ነው» አሉኝ። የሚያውሱት ባይናኩላር አንድ ዓይኑ አይጠራም። የራሳችሁ ካላችሁ ያዙ።

የሄድነው ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ዶግውድ የሚባለው ዛፍ አብቦ ጫካው ነጭ በነጭ ሆኗል። የኳንቲኮን ጅረት ተከትለን ስንሄድ ከማዶ አውራው ተርኪ (ዶሮ መሳዩ ትልቅ የዱር ወፍ) ጉልጉልጉል ይላል። አስጎብኚው ሴቶቹን እየጠራ መሆኑን ነገረን። ከተገናኙ በኋላ ግን በእንቁላሉም በጫጩቱም የለበትም፣ ማቀፉም ማሳደጉም የእሷ ዕዳ ነው አለ። ለእናቴ ሳስተረጉምላት «እሱስ የትም ያለ ነው» ብላ ሳቀች።

ትንሽ እንደሄድን ነፋስ የጣለው ትልቅ ኦክ መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። በሥሩ በኩል ዞረን ልናልፍ ስንል ከፊት የነበረችው ሴትዮ እግር ሥር ቅጠሉ ፈነዳ። የበግ ግልገል የምታህል ጥቁር ነገር ክንፏን ከቅርንጫፍ እያጋጨች ተነስታ በረረች። ትንሹ ልጄ በድንጋጤ አለቀሰ። የተነሳችበትን ሳይ ግንዱ ሥር የደረቀ ቅጠል የተነጠፈበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ውስጡ ከኛ ዶሮ እንቁላል ተለቅ ያሉ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባቸው ክሬም መሳይ እንቁላሎች ተደርድረዋል። ከአስጎብኚው በፊት እናቴ ነበረች የገባት። «ውይ! ታቅፋ እኮ ነው፤ በሉ ሂዱላት!»

አምስቱን ኮከብ የሰጠሁት ከዚህ በኋላ ላደረገው ነው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ስልክ ኪስ ይግባ፣ ማንም እንዳይነካ፣ እናግዛት ብላችሁም ቅጠል እንዳታለብሱ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ አለ። አንድ ሰውዬ «አንድ ፎቶ ብቻ» ሲል ትከሻውን ይዞ አዞረው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁላችንም ወጥተናል።

ራቅ ካልን በኋላ ነው ምክንያቱን ያስረዳን። ተርኪ በቀን አንድ አንድ እያለች እስክትጨርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ትጥላለች፤ ከዚያ ታቅፋለች። ገና እየጣለች ወይም ማቀፍ እንደጀመረች ከደነገጠች ጎጆውን ጥላ ልትጠፋ ትችላለች። መፈልፈያው ሲቃረብ ግን ጨክና አትሄድም። ይቺኛዋ እስክንረግጣት ድረስ መቆየቷ ብዙ ቀን ሳትታቀፍ እንዳልቀረች ያሳያል፣ ከለቀቅንላት የመመለስ ተስፋዋ ጥሩ ነው አለ። ትመለስ እንደሆነ እንይ ብሎ ቆሞ መጠበቅ ራሱ እንዳትመለስ ያደርጋታል፤ እስከዚያ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ቁራና ራኩን የሚባለው አውሬ ደግሞ ሰው ተቀምጧል ብለው አይተዉም። ኔትወርክ ያለበት ስንደርስ ለሬንጀሮቹ (ለፓርኩ ጠባቂዎች) ደውሎ የወደቀውን ዛፍና ቦታውን ነገራቸው፤ ሌላ ሰው በዚያ በኩል እንዳይዞር።

እናቴ ስንት ቀን እንደምትታቀፍ አስጠየቀችኝ። 28 ቀን ገደማ። «የኛዋ እኮ ሃያ አንድ ነው! ምስኪን፣ ሳምንት ሙሉ ትርፍ» አለች። ማን ያበላታል ብላም አስጨነቀችኝ። አልፎ አልፎ ተነስታ ለቃቅማ፣ ውኃ ጠጥታ እንደምትመለስ ሲነግራት ነው ልቧ ያረፈው።

ድርጅቱን የቀነስኩበት ምክንያት፣ ይህ ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ሊነገረን ይገባ ስለነበር ነው። እዚያ ያዘጋጁት ገለጻ ስለ አበባ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ አስጎብኚ መልቀቅም ይበዛል፤ ከኋላ ያሉት ምን እንደተባለ እንኳ አልሰሙም። ከሁሉም የከፋው ማስታወቂያቸው ነው፦ «የዱር እንስሳትን በቅርብ ይዩ» ይላል፣ ሥሩ አፍንጫ ድረስ ተጠግተው ያነሱት የወፍ ጎጆ ፎቶ አለ። ሠራተኛቸው ስልክ ኪስ ይግባ ይላል፣ እነሱ በዚያው ፎቶ ይነግዳሉ! ጻፍኩላቸው። የአሥር በመቶ ኩፖን ላኩልኝ፣ ፎቶው ግን እንዳለ አለ። ጉዞው በግማሽ ሰዓት ማጠሩን አልቆጠርኩባቸውም።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ በሥራ ቀን ብትይዙ ሰው ይቀንሳል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ መዥገር አለ፣ የልጄ ካልሲ ላይ አንድ አግኝቻለሁ። ከጅረቱ ወደ ላይ ያለው ዳገት ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል፣ የሕፃን ጋሪም አያስኬድም። ሽንት ቤት ያለው መነሻው ላይ ብቻ ነው፤ ልጆቹን አስቀድማችሁ ውሰዱ።