ጦሳ ሥር በሌሊት ወይስ ኮምቦልቻ ቤት ውስጥ በቀን?

በትንሽ ገንዘብ አስፈሪ ፊልም ለሚሠራ ሰው ወሎ ሁለት ምርጫ አላት። አንዱ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ በእውነተኛ ሌሊት መቅረጽ ነው። ጉሙ በነጻ ነው። ግን ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ አይጣል ነው። ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ ተዋናይዋም ሳትፈራ ትንቀጠቀጣለች። መብራት በጄኔሬተር ካበራችሁ ጩኸቱ ንግግሩን ይውጠዋል። ካላበራችሁ ምስሉን ነጠብጣብ ይሞላዋል።

ሌላው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ በቀን መቅረጽ ነው። ይሞቃል። ከስኳርና ከቀይ ቀለም የተሠራው ደም ዝንብ ይጠራል። ዝናብ ከመጣ ቆርቆሮው ሥራ ያስፈታል። ቢሆንም መብራቱ በእጃችሁ ነው፣ ሠራተኛውም ማታ ይተኛል። እኔ ብሆን ንግግር ያለበትን ሁሉ እዚህ ቀርጼ፣ ደሴ የምወጣው ለውጭ ምስል ብቻ ነው። ጉሙን በጭስ መተካት ግን አይሞከርም፤ ያስታውቃል።